ምንጭ የሚፈልቀው ከባሕር ነው ወይስ ከዝናብ? የ17ኛው ክፍለ ዘመን ክርክርና ግሽ ዓባይ

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ስለ ምድር አፈጣጠርና ስለ ምንጭ ውኃ አጭር ገለጻ እያዘጋጀሁ ነው። ሳነብ የድሮ የአውሮፓ ሊቃውንት የባሕር ውኃ በመሬት ውስጥ ሄዶ ተራራ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል ይሉ እንደነበር አየሁ። እንዴት እንዲህ ያለ ተረት አመኑ? ቤተ ክርስቲያን አስገድዳቸው ነው? ደግሞ በቅርቡ ከመሬት በታች ትልቅ ውቅያኖስ ተገኘ የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። ታዲያ ልክ ነበሩ ማለት ነው? ከትምህርት ቤታችን በላይ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ምንጭ ስላለ ተማሪዎቹ መጠየቃቸው አይቀርም። ገለጻውን በምን ላይ ልመሥርተው?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደበላልቀዋል። ሊቃውንቱ ለምን ተሳሳቱ የሚለው አንድ ነው። ማን አስገደዳቸው የሚለው ሌላ ነው። ቪዲዮው ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። በተራ እንያቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ «ተረት» የሚለውን ከገለጻዎ ያውጡት። ሰዎቹ የሚያዩትን ይዘው ነበር የሚያስቡት። በ1600ዎቹ አጋማሽ ስለ ምንጭ የሚያስብ ሰው ፊት ለፊት ምን ነበረው? ዝናብ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ይዘንባል፤ ደህና ምንጭ ግን ሰማዩ ለወራት ጥርት ብሎ ሲከርምም ይፈሳል። ምንጭ የሚበዛው ከባሕር በራቀው ደጋ ላይ ነው። ወንዞች ከጥንት ጀምሮ ወደ ባሕር ይገባሉ፤ ባሕሩ ግን ከፍ አይልም። በዚያ ላይ ሮማዊው ሴኔካ ወይን ተክሉን ሲቆፍር ካየው ተነሥቶ፣ ዝናብ የቱንም ያህል ቢበረታ መሬቱን ከ10 ጫማ በታች አያርሰውም ብሎ ጽፎ ነበር። ከ1,500 ዓመት በኋላም ይህ ምስክርነት ይጠቀስ ነበር።

ዝናቡ ወደ ታች ካልዘለቀ ምንጩ ከየት ይመጣል? ባሕሩ ካልሞላ ውኃው የት ይገባል? ሁለቱንም ጥያቄዎች ባንዴ የሚመልስ ሐሳብ ነበር። ባሕሩ ከሥሩ ቀዳዳ አለው፤ ውኃው በዚያ ገብቶ በተራራ በኩል ይወጣል። በእጃቸው ከነበረው መረጃ አንጻር ይህ ሞኝነት አይደለም። የጎደላቸው ልኬት ነበር። በአንድ ተፋሰስ ላይ በዓመት ስንት ውኃ እንደሚዘንብ፣ በወንዙስ ስንት እንደሚሄድ የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ሐሳቡን ከምድር አፈጣጠር ጋር አጥብቆ ያሰረው ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ነው። በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ምድር ድሮ እንደ ፀሐይ የምትነድ ኮከብ ነበረች አለ። እየቀዘቀዘች ስትሄድ ላይዋን ቅርፊት ሸፈነው። ቅርፊቱ ተሰባብሮ ሲወድቅ ተራራና ባሕር ተፈጠረ። የባሕር ውኃ በስንጥቅ ወደ ተራራው ሥር ይገባል፤ የምድር ውስጥ ሙቀት ያተነዋል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛ ዓለት ሲነካ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጨውም ለምን ታች እንደሚቀር ጭምር።

ጀርመናዊው ኢየሱሳዊ መነኩሴ አታናሲየስ ኪርቸር ደግሞ ይህንን ዓለም በሥዕል አሳየ። ኪርቸር ዝም ብሎ ከወንበሩ ላይ የሚያስብ ሰው አልነበረም። በ1638 ወደ ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አፍ ወርዶ በዓይኑ አይቷል። በ1665 በወጣው ግዙፍ መጽሐፉ የምድር ሆድ የእሳትና የውኃ ጓዳዎች ሞልተውበት ይታያል። ባሕር ጓዳዎቹን ይሞላል፤ ጓዳዎቹ ወንዞችን ይወልዳሉ። ለአፍሪካም አንድ ትልቅ ጓዳ፣ ከጥንት ጀምሮ የዓባይ መነሻ ናቸው ይባሉ በነበሩት በ«ጨረቃ ተራሮች» ሥር ስሎላታል። የዓባይን ውኃ ያመጣው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ወደ ክርክሩ የምትገባው። ገለጻዎ ውስጥ ይህን ክፍል ሰፋ አድርገው ቢያቀርቡት ደስ ይለኛል። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በሚያዝያ 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ጎጃም ውስጥ ሰከላ ደርሶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ጥልቀቱን በጦር ለካ። የአካባቢው ሰዎች የነገሩትንም ጻፈ። ተራራው ውስጡ ውኃ የሞላ ነው አሉት፤ ማስረጃቸውም በምንጩ ዙሪያ ያለው መሬት ሲረግጡት መንቀጥቀጡ ነበር። ቀጥለው የነገሩት ግን ከሁሉ ይበልጣል። በዚያ ዓመት ድርቅ ስለነበረ መሬቱ የሚንቀጠቀጠው ጥቂት ነው፤ በሌላው ዓመት ግን ለመቅረብም ያስፈራል አሉት።

ቆም ብለው ያስቡት። ውኃው ከባሕር በጓዳ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የሰከላ ድርቅ ምን ያደርገዋል? ባሕሩ አልደረቀ! መሬቱ ከዝናቡ ጋር አብሮ ከጠገበና ከጎደለ ውኃው የዝናቡ ነው። የግሽ ሰዎች ይህን በእግራቸው ሥር ያውቁት ነበር። የፓኤዝ ሙሉ መጽሐፍ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አልታተመም። ይህንን ክፍል ግን በአውሮፓ ያሳተመው ራሱ ኪርቸር ነው። ማስረጃው እጁ ላይ ነበር። በእኔ አስተያየት እሱ ያነበበው «ተራራው ውኃ የሞላ ነው» የሚለውን ነው፤ የድርቁን ነገር አልፎታል። ከሐሳቡ ጋር የሚስማማውን ብቻ ማየት የተማረውንም ያልተማረውንም ያጠቃል፤ ተማሪዎች ይህን ቢያዩ ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ጥያቄዎ ልምጣ። አጭሩ መልስ አይደለም ነው። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 1 ቁጥር 7 ወንዞች ሁሉ ወደ ባሕር ይሄዳሉ፣ ባሕሩ ግን አይሞላም፣ ወደ መጡበትም ይመለሳሉ ይላል። ሁለቱም ወገን ይህን ጥቅስ ይጠቅስ ነበር። ጥቅሱ መመለሳቸውን እንጂ መንገዱን አይናገርምና አንዱ በምድር ሥር፣ ሌላው በደመናና በዝናብ ነው ይላል። ኪርቸር መነኩሴ ነው። ለዝናብ የተከራከረው እንግሊዛዊው ጆን ሬይም ክህነት የነበረው ሰው ነው። የመሬት ንብርብር እንዴት እንደሚተኛ በ1669 ያስረዳው ኒኮላስ ስቴኖ ኋላ ጳጳስ ሆኗል። የዝናብን ሐሳብ በ1580 ያሳተመው ሸክላ ሠሪ በርናር ፓሊሲ በባስቲል እስር ቤት ሞቷል፤ የታሰረው ግን ፕሮቴስታንት በመሆኑ ነው እንጂ በምንጭ ጉዳይ አይደለም። ይህን አደባልቀው «ስለ ሳይንስ ተሠዋ» እንዳይሉ አደራ።

ጠቡ የጦፈው በሌላ በኩል ነበር። እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ በርኔት በ1681 ስለ ምድር አመጣጥ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በኖኅ ዘመን ምድርን ሁሉ የሸፈነው ውኃ ከየት መጣ? አሁን ያለው ባሕር አይበቃም። ሲያሰላው ስምንት ውቅያኖስ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ምድር መጀመሪያ ተራራም ባሕርም የሌላት፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰች ነበረች አለ። ከቅርፊቷ በታች ታላቁ ቀላይ ነበር። ቅርፊቱ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጠቀና ውኃው ወጣ። ዛሬ የምናያቸው ተራሮች የዚያ ፍርስራሽ ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ውድዋርድ በ1695 ተከተለ፤ የጥፋት ውኃው ዓለቱን ሁሉ አሟሟው፣ ከዚያ እንደየክብደቱ ንብርብር ሆኖ ተቀመጠ፣ ቀላዩም እስካሁን ከሥር አለ አለ።

በርኔትን ጳጳሱም ተቃወመው፤ ተፈጥሮን የሚያጠናውም ተቃወመው። ጳጳሱ መጽሐፉ ከዘፍጥረት ወጣ ብሏል አለ። ሬይና መሰሎቹ ግን ሌላ ነገር ጠየቁ። ተራራ ፍርስራሽ ከሆነ ወንዝና ምንጭ ለምን ከተራራ ይወርዳል? ተራራ የሌላት ምድር ውኃዋን ከየት ታገኝ ነበር? ምድር እንዴት ተሠራች የሚለው ትልቁ ክርክር ትንሿ ምንጭ ላይ መጥቶ የሚፈተነው እንዲህ ነው። ሁለቱን ርዕሶች በአንድ ገለጻ ማያያዝዎ ትክክል ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ስለ ዕድሜም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው ምድር በ4004 ዓመተ ዓለም ተፈጠረች ይል ነበር» የሚል ነገር ያገኛሉ። ልክ አይደለም። ቁጥሩ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር በ1650 ያወጣው ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4004 ዓመት ማለት ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን 5500 ትላለች። አውሮፓ ውስጥም ሆላንዳዊው ሊቅ አይዛክ ቮሲየስ በ1659 የግሪኩን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ዘመኑ ከ1,400 ዓመት በላይ መርዘም አለበት ብሎ ተከራክሯል። ስለ ቁጥሩም ቢሆን ስምምነት አልነበረም።

ታዲያ ነገሩ እንዴት ተፈታ? በመቁጠር። ፓሊሲ ላቲንም ግሪክም አያውቅም ነበር። በመጽሐፉ «ንድፈ ሐሳብ» እና «ተግባር» ይነጋገራሉ፤ የምታስተምረው ተግባር ናት። ክርክሩ ቀጥተኛ ነው። ምንጭ ከባሕር ቢመጣ ጨው ጨው ባለ። ደግሞ ውኃ በራሱ ሽቅብ አይሄድም፤ ተራራ ላይ እንዲወጣ ባሕሩ ከተራራው ከፍ ማለት አለበት። ግሩም ነው፤ ግን አሁንም ልኬት የለበትም። የሰማውም ሰው ጥቂት ነበር።

ልኬቱን ያመጣው ፒዬር ፔሮ ነው። ከሥራው የተባረረ የፓሪስ የግብር ሹም ነበር። የተፈጥሮ ሊቅ አይደለም፤ ገቢና ወጪ ማመሳከር ግን ያውቃል። በ1674 ባወጣው መጽሐፍ የሴን ወንዝን ከመነሻው እስከ ኤኜ ለ ዱክ ያለውን ቁራጭ ወሰደ። በዚያ ተፋሰስ ላይ በዓመት የሚወርደውን ዝናብ አሰላ፤ የተጠቀመበት ቁጥር በዛሬ መለኪያ 520 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወንዙ በዓመት የሚወስደውን ገመተ። ዝናቡ የወንዙን ስድስት እጥፍ ሆነ። «ዝናብ አይበቃም» የሚለው የሺህ ዓመት ክርክር በአንድ ስሌት ወደቀ።

ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድም ማርዮት ደግሞ ትልቁን ሴን ራሱን ፓሪስ ላይ ለካ። በውኃው ላይ ተንሳፋፊ ነገር እየለቀቀ ፍጥነቱን አየ። በ1686፣ ከሞተ በኋላ በታተመው ሥራው፣ ወንዙ የሚወስደው ከዝናቡ ስድስተኛውን እንኳ አይሞላም። በፓሪስ የከዋክብት ጥናት ጣቢያ ምድር ቤት የሚንጠባጠበውንም ውኃ ተከታተለ። ዝናብ ሲበዛ ይበዛል፤ ሲጠፋ ይቀንሳል። የግሽ ሰዎች ያሉት ማለት ነው።

የባሕሩን ወገን የዘጋው ኤድመንድ ሃሌይ ነው። በስሙ የተጠራችው ጅራታም ኮከብ አለች፤ እሱው ነው። ጨዋማ ውኃ በዕቃ አድርጎ በበጋ ሙቀት ልክ እያሞቀ ስንቱ እንደሚተን መዘነ። በ1687 ባወጣው ስሌት ከሜዲትራኒያን ባሕር በቀን 5,280 ሚሊዮን ቶን ይተናል። ዓባይን ጨምሮ ዘጠኙ ትልልቅ ወንዞች የሚያስገቡት ግን 1,827 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ለምን አይሞላም ብሎ ከሥሩ ቀዳዳ መፈለግ አያስፈልግም። ውኃው በላይ በኩል ይሄዳል።

እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ብቻውን ጀግና አያድርጉት። ፔሮ ዝናቡ እንደሚበቃ አሳየ እንጂ ዝናብ በመሬት ውስጥ ጠልቆ ምንጭ ይሆናል ብሎ አላመነም። ሃሌይም የተራራ ምንጭ በዋናነት የሚመጣው በተራራ ላይ ከሚቀዘቅዝ እንፋሎት ነው ብሎ አስቦ ነበር። ሴንት ሄሌና ደሴት ላይ በሌሊት ከዋክብት ሲመለከት መነጽሩ በጤዛ እየተሸፈነ ስላስቸገረው ነው። ጤዛው እውነት ነው፤ ድርሻው ግን አነስተኛ ነው። ውኃው በምን መንገድ እንደሚሄድ የሚለው ሲጠራ ጊዜ ወስዷል። ጣሊያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ቫሊስኔሪ በ1715 ተራሮች ላይ እየዞረ ያየውን አሳተመ። የዝናብና የበረዶ ውኃ ውኃ በሚያሳልፈው ንብርብር ይሰርጋል፤ የማያሳልፍ ንብርብር ሲያገኝ በላዩ ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል፤ ንብርብሩ ገደል ላይ ሲቆረጥ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ዛሬም የምናስተምረው ይህንን ነው። በጋ ላይ የማይደርቀው ውኃው በዓለት ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው። የሴኔካም መልስ እዚህ አለ። አንድ ዝናብ ወደ ታች ሲዘልቅ አይታይ ይሆናል፤ በስንጥቅና በአሸዋማ አፈር በኩል ወራት ሙሉ የሚሰርገው ግን ይደርሳል።

ቪዲዮውን በተመለከተ። ነገሩ የተነሣው በ2014 ከታተመ እውነተኛ ግኝት ነው። ከብራዚል ጁዊና በተገኘ አልማዝ ውስጥ ሪንግውዳይት የሚባል ማዕድን ቅንጣት ተገኘ፤ ከክብደቱ 1.5 በመቶ ገደማ ውኃ ነበረበት። ይህ ማዕድን የሚፈጠረው ከመሬት በታች ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው። ግን ውኃው የሚፈስ ውኃ አይደለም። በዓለቱ ውስጥ ከማዕድኑ ጋር ተያይዞ የታሰረ ነው። የሚዋኙበት ባሕር የለም፤ ዋሻ የለም፤ ለምንጭዎም ጠብታ አያዋጣም። «ውቅያኖስ» የሚለው የመጠን ንጽጽር ነው። ኪርቸር ልክ ነበር ለማለት ይህን መጠቀም ስሕተት ነው።

ለእውነት ሲባል የሚቀሩ ነገሮችም አሉ። የባሕር ውኃ በምድር ሥር ወደ የብስ የሚገባበት ቦታ አለ፤ ያውም ጎረቤታችን ጂቡቲ ውስጥ። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ከጉቤት ባሕረ ሰላጤ የባሕር ውኃ በዓለት ስንጥቅ እየገባ ይመግበዋል። ግን ልብ ይበሉ፤ ውኃው የሚሄደው ቁልቁል ነው፣ ጨውነቱም አብሮት ነው። ፓሊሲ ያለው በሙሉ እዚያ ይታያል። ፍል ውኃስ? ሙቀቱ ከጥልቁ ነው፤ ውኃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠልቆ የወረደና ሞቆ የተመለሰ ዝናብ ነው። በ1961 አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃርሞን ክሬግ የዝናብ ውኃ የራሱ የአይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች) ምልክት እንዳለው ካሳየ በኋላ ይህን በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ይቻላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። «ሳይንስ ከሃይማኖት ተጣላ» የሚለውን ትረካ ይተዉት። ገለጻውን «ዝናቡ ይበቃል ወይ?» በሚለው በአንድ ጥያቄ ላይ ይመሥርቱ፤ ግሽን መሐል ላይ ያስቀምጡ፤ መልሱን ተማሪዎቹ በራሳችሁ ምንጭ ይፈልጉት። 20 ሊትር ጀሪካን ምንጩ ሥር አድርገው በስልክ ሰዓት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይያዙ። ለምሳሌ 200 ሰከንድ ከፈጀ በዓመት 3.15 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ይሆናል። 1,000 ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሄክታር መሬት ላይ 10 ሚሊዮን ሊትር ነው። ሲሶው ቢሰርግ አንዲት ሄክታር ለዚያ ምንጭ በቃች ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ሲያገኙ ፊታቸውን ይዩት።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝ፣ ምንጩ ከጥልቅ የሚመጣና የማያልቅ ነው ብሎ ከበላዩ ያለውን ቁጥቋጦ የሚመነጥር፣ እዚያው መጸዳጃ የሚቆፍር ሰው ነው። ምንጩ የሚጠጣው ከላይ ካለው ተዳፋት ነው። እዚያ የቆሸሸው በጀሪካን ተመልሶ ቤት ይገባል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥተው ምን እንዳለ ይመዝግቡ። መለካቱን ዝናቡ እንዳባራ መስከረም ላይ ይጀምሩና በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዕቃ፣ እስከ ግንቦት ይቀጥሉበት።